ያለ ክር የተሰፋ ቀን

በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተቀኝ፣ ባለሀብቶች ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቁበት ክፍል አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠውን መርማሪ ባልደረቦቿ በስሟ አይጠሯትም፤ «ኩባያ ቆጣሪዋ» ይሏታል። በፊቷ ሲሉት ትስቃለች። ከኋላዋ ሲሉትም ትሰማለች፣ ያኔም ትስቃለች። ቅጽል ስም ምን ያህል ሊያቆስል እንደሚችል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ከዚያኛው ጋር ሲተያይ ይኼኛው ማር ነው።

ስሙ የወጣላት እንዲህ ነው። ቋሚ መኖሪያ የሚጠይቅ ባለሀብት ወረቀቱ ብዙ ነው፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚናገር የባንክ ደብዳቤ፣ የግብር ማረጋገጫ፣ ስንት ሰው እንደቀጠረ የሚያሳይ የሠራተኞች ዝርዝር። ወረቀት ግን እንደ ሙሽራ ነው፤ ለቀኑ ተኩሎ ይቀርባል። ስለዚህ መርማሪ ሥራው ያለበት ድረስ ሄዶ በዓይኑ አይቶ፣ አስተያየቱን ጽፎ ለኮሚቴው ማቅረብ አለበት። ሌሎቹ መርማሪዎች ሄደው ራስ ይቆጥራሉ። ሠላሳ ሰው ተብሎ ሠላሳ ራስ ካዩ ፈርመው ይመለሳሉ። እሷ ግን ሰላምታዋን ሰጥታ፣ የባለቤቱን ንግግር እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «ውሃ የምጠጣበት አላችሁ?» ትልና ሠራተኞቹ ሻይ ወደሚጠጡበት ጥግ ትገባለች። እዚያ ኩባያ ትቆጥራለች።

ለአንድ ቀን ተለቃቅሞ የመጣ ሰው የራሱን ኩባያ ይዞ አይመጣም። ከርሞ የሚሠራ ግን ኩባያ አለው፤ ጆሮው የተሰበረ፣ ቂጡ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት የተደረገበት፣ «የኔን ማን ነካው» ተብሎ ሁለት ሳምንት የተኳረፉበት። ወንበሩም ላይ ስፖንጅ በገመድ አስሮ ያነጥፋል። «የኩባያ ጆሮ በአንድ ቀን አይሰበርም» ትላለች። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ስንቱን ሻይ የማይጠጣበት ፋብሪካ በዚህች በአንዲት አረፍተ ነገር መልሳዋለች።

ይህን ብልሃት ማንም አላስተማራትም። ቂም ነው ያስተማራት።

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናትና ልጅ የሚኖሩት መስኮቷ ወደ አጥር በምታይ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ እናቷ የሰው ልብስ ታጥባለች። አንድ ቀን አንዲት ደላላ ሴትዮ በሩ ላይ ቆመው፣ «ስፌት ቤት ተከፍቷል፤ አሥራ ሁለት ሴት ይፈልጋሉ። ቋሚ ነው» አሉ። «ቋሚ» የሚለው ቃል ያቺን ክፍል እንደ ፀሐይ ሞላት። እናቷ ቃሉን ለጎረቤት፣ ለባለሱቁ፣ ቦኖ ውሃ ለሚቀዱት ሁሉ አከፋፈለችው። ከእህቷ ነጭ ኮሌታ ያለው ሰማያዊ ቀሚስ ተዋሰች። ጠዋት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ልጇን በእጇ ይዛ ሄደች።

ልጅቷ ከስፌት ቤቱ በር ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ከረፋዱ ላይ ፋይል በብብቱ የያዘ ሰው መጣ፤ ገባ፣ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ወጣ። ባለሀብቱ እጁን ጨብጦ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ እየሳቀ ሸኘው። ባለሀብቱ ወደ ውስጥ ሲመለስ በልጅቷ አጠገብ አለፈ። ከእሱ ቀድሞ ሽቶው አለፈ፣ ከእሱም በኋላ ሽቶው ቀረ። እዚያ የዋሉት ሴቶች ኋላ ላይ ስሙን ስለማያውቁት «ሽቶው» ነው ያሉት።

እናቷ ከሰዓት በኋላ አንድ ፓኮ ብስኩት ይዛ ወጣች። ብስኩቱን እየበሉ ወደ ቤት ሄዱ። «ነገም በዚህ ሰዓት ነው» አለች እናቷ። በማግስቱ በሩ ላይ የልጅቷን ጡጫ የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎ ነበር። በሦስተኛው ቀንም። በአራተኛው ቀን ዘበኛው፣ «እቴ፣ ሥራው እኮ አልቋል። ሰውየው ወረቀቱን አገኘ፣ የስፌት መኪናዎቹም የኪራይ ነበሩ፣ ተመለሱ» አላቸው።

ሰፈር አፍ አለው። መጀመሪያ ቦኖው ላይ፣ «ቋሚዋ፣ ተራሽን ጠብቂ» ተባለች። ከዚያ «የአንድ ቀኗ ሠራተኛ» ሆነች። ከዚያ ቃሉ እንደ ሳሙና እያጠረ ሄዶ «አንድ ቀን» ብቻ ቀረ። «አንድ ቀን መጣች።» «አንድ ቀን፣ ይቺን አንሶላ እጠቢልኝ እስቲ።» ልጅቷም ትምህርት ቤት «የአንድ ቀን ልጅ» ነበረች። እናቷ አብራ ትስቅ ነበር። ሳፋው ላይ ጎንበስ ስትል ግን፣ ማንም የማያውቃትን፣ ራሷ ያወጣቻትን ግጥም እንዲህ እያለች ታንጎራጉር ነበር፤

እግሬ ረግጦ ዋለ መርፌ በሌለበት፣
ሆዴ ሲተረተር ማንም ሳይደርስለት።

ዜማው አረፋው ላይ ያርፍና ይፈነዳል። ልጅቷ ግጥሙ ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም። እናቷም እዚያ ቤት ውስጥ ምን ሆና እንደዋለች ተናግራ አታውቅም። ልጅቷ ግን ዜማውን እንደ ውርስ ወሰደችው። ሌላ የሚወረስ ነገርም አልነበረም።

አድጋ ተማረች። ለኢሚግሬሽን ሥራ ስትወዳደር ፈታኞቹ «ለምን ይሄን ሥራ መረጥሽ?» ብለው ጠየቋት። «ሰው ማየት እወዳለሁ» አለች። እውነት ነው፤ የትኛውን ሰው እንደሆነ ግን አልጠየቋትም። በተቀጠረች በመጀመሪያው ወር ምድር ቤት ያለው መዝገብ ክፍል ወረደች። ያን ዘመን የሚመለከቱት ፋይሎች ቧንቧ ፈንድቶባቸው ጭቃ ሆነዋል። ሰውየውም ፈቃዱን ይዞ፣ ወዲያው ሁሉን ሸጦ ከአገር ወጥቷል አሏት። ሦስት ዓመት ከአገር የራቀ ሰው ቋሚ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ የእሱም ተሰርዟል። ሌላ ምንም ዱካ የለም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተወጋው ሰው ልጅ ግን ከተወጋውም ትብሳለች፤ ጠባሳውን ስላላየችው በየቀኑ አዲስ አድርጋ ትስለዋለች። በመንገድ ላይ ጥሩ ሽቶ ሲሸታት ዞር ትል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዞር ስትል ኖረች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ወፍራም ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠ። የጀርባ ቦርሳ የሚሰፋ ፋብሪካ፤ አርባ ሰባት ሠራተኛ፤ ባለቤቱ ቋሚ መኖሪያ ይጠይቃል።

የእያንዳንዱ ፋይል የመጀመሪያ ገጽ መርማሪው የሚፈርምበት ቅጽ ነው። «ከአመልካቹ ጋር ዝምድና፣ ጥቅም ወይም ጠብ የለኝም» ይላል። ስንት መቶ ጊዜ ፈርማዋለች። እጇ ከእሷ ቀድሞ ነው የሚፈርመው። የዚያን ዕለት ግን እስክሪብቶዋ ቀለም ጨርሶ ሌላ እስክትፈልግ ድረስ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። የባንኩ ደብዳቤ፣ ንጹሕ። ግብሩ፣ ንጹሕ። «የአመልካቹ የቀድሞ የኢንቨስትመንት ታሪክ» ከሚለው ርዕስ ሥር አንድ ፎቶ ተለጥፏል።

አሥራ ሁለት ሴቶች፣ አሥራ ሁለት የስፌት መኪና። ከፊት ለፊት፣ ከግራ ሁለተኛዋ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው ቀሚስ የለበሰች። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ እሷ ግን ሰማያዊውን አየችው።

እናቷ ወጣት ነበረች። ይህን ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር። ካሜራውን እያየች ፈገግ ብላለች፤ በሕይወቷ ውስጥ እንደዚያ ፈገግ ስትል ልጇ አይታት አታውቅም። ከፎቶው ቀጥሎ አሥራ ሁለት የአውራ ጣት አሻራ ያረፈበት ዝርዝር አለ። «ከሁለት ዓመት ወዲህ በቋሚነት የሚሠሩ» ይላል።

ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓይኗ ከእናቷ ፊት ተላቅቆ ወደ መኪናው ወረደ። በስፌት መኪና ራስ ላይ ክር የሚሰካባት ቀጭን ብረት አለች። ያቺ ብረት ባዶ ናት። የጎረቤቷም ባዶ ናት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እስከ አሥራ ሁለት ቆጠረች። አሥራ ሁለቱም መኪናዎች ክር የላቸውም። እግሬ ረግጦ ዋለ መርፌ በሌለበት። ያ ሁሉ ዘመን ሳፋው ላይ ስትሰማው የኖረችው ዜማ ነገሩን አንድም ሳይደብቅ ይነግራት ኖሯል።

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ። ሰውየው ልምድ ያለው መሆኑ ነጥብ እንደሚያስገኝለት ሰምቶ፣ ጭቃ የበላውን ማስረጃ በገዛ እጁ አምጥቶ፣ በሙጫ ለጥፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ነው የሰጣቸው። ክር መኖር አለመኖሩን የሚያይ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። እሱ በዕድሜው ሰፍቶ አያውቅማ።

አዲሱን እስክሪብቶ አነሳች። ቅጹን አየችው። «ጠብ የለኝም።» ከፈረመች ውሸት ነው። ካልፈረመች ፋይሉ ወደ ሌላ መርማሪ ይሄዳል፤ ያ ሰውም ከእሷ እጅ ያመልጣል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትፈልገው የኖረችው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አልተፈቀደም» የምትለውን ቃል በራሷ እጅ፣ በራሷ ቀለም መጻፍ። ቅጹን ሳትፈርም ከፋይሉ መጨረሻ ገጽ ሥር ከተተችውና ስልክ አንስታ ለጉብኝት ቀጠሮ ያዘች።

ፋብሪካው በር ላይ ሽቶው ቀድሞ ተቀበላት። ያው ነው። ሰውየው ፀጉሩ ነጥቷል፣ ወገቡ ሰፍቷል፣ ሽቶው ግን አላረጀም።

«እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ» አለ፤ ቋንቋውን አሳምሮ ይናገራል። «ይሄ አገር ቤቴ ነው። ገና በወጣትነቴ ነው እዚህ የሠራሁት።»

«ፋይሉ ላይ አይቻለሁ» አለች። «እነዚያ አሥራ ሁለት ሴቶች አሁን የት ናቸው?»

«የትኞቹ?»

«ፎቶው ላይ ያሉት።»

«እ… ሠራተኛ እኮ ይመጣል፣ ይሄዳል» አለና ሳቀ። ትከሻዋን መታ ሊያደርግ እጁን ሰነዘረ፤ እሷ ግን ማስታወሻዋን ለመክፈት ጎንበስ ስላለች እጁ አየር ላይ ቀረ።

አዳራሹ ውስጥ መኪናዎቹ ይጮኻሉ። ሁሉም ክር አላቸው፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ይህ ራሱ አናደዳት። ራስ ቆጠረች፣ አርባ ስድስት። ደግማ ቆጠረች፣ አርባ ስድስት። ፋይሉ አርባ ሰባት ይላል። ደስታዋን ፊቷ ላይ እንዳያዩባት «ውሃ የምጠጣበት አላችሁ?» አለች።

መደርደሪያው ላይ ኩባያዎቹ ተደርድረዋል፤ ጆሮ የሌላቸው፣ ክር የታሰረባቸው፣ አንዱም ላይ «ንኪና ታያለሽ» ተብሎ የተጻፈበት። ቆጠረች። አርባ ሰባት። ሌላ ማንም የማይደርስበት ጥግ ላይ አንዲት ቢጫ ኩባያ ተደፍታለች፣ በላይዋም አቧራ እንዳይገባባት ጨርቅ ጣል ተደርጎባታል።

«ይቺ የማን ናት?» አለቻት ሻይ ልትቀዳ የመጣችን አንዲት የስፌት ሠራተኛ።

«የአራሷ ናት። ወንድ ልጅ ወለደች። እስክትመለስ ማንም እንዳይነካት ተማምለናል።» ሠራተኛዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጎንሽ ቆማ ብትሰማሽ ግን፣ ኩባያዋን በማየትሽም ትቆጣሽ ነበር።»

መርማሪዋ ውሃውን ጠጣች። አሥራ አንድ ዓመት ያላሳፈራት ብልሃቷ ዛሬ ለጠላቷ መሰከረ።

ቢሮ ተመልሳ ረቂቁን ጻፈች። «በአመልካቹ የቀረበው የሠራተኛ ቁጥር በመስክ ምልከታ ከተገኘው ጋር አልገጠመም። ስለዚህ…» ስለ ቢጫዋ ኩባያ አንድም ቃል አልጻፈችም። «አልተፈቀደም» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ እጇ ሞቀ። ከመጻፏ በፊት ግን ለእናቷ ልትነግራት ፈለገች። ደስታ ለብቻ አይዋጥም።

እናቷ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች ምስር ትለቅማለች። ልጇ ከጎኗ ተቀመጠችና ከትሪው ጠርዝ ጠጠር መልቀም ጀመረች።

«እማዬ፣ ያን ቀን፣ ስፌት ቤት የገባሽ ቀን…»

«የትኛው ቀን?» አለች እናቷ፤ ብዙ ቀን ያላት ይመስል።

«መኪናው ክር ነበረው?»

የእናቷ ጣት ምስሩ መሃል ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ፎቶ አየሁ።»

እናቷ ወደ አጥሩ ዞረች። «ፈገግ በሉ ተባልን፣ ፈገግ አልን» አለች። «ክርም አልነበረውም፣ መርፌም አልነበረውም። ‹ጨርቁን ግፉ፣ እግራችሁን ርገጡ፣ ክሩ ነገ ይመጣል› አሉን። ያ ፋይል የያዘው ሰውዬ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ቀና ብዬ አየሁት። ‹ጌታዬ፣ ክር የለውም› ልለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ነገ ሥራ አለኝ ብዬ ዋጥኩት። አሻራዬንም ሰጠሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እዚህ ጋ ነው ያለው።» ጉሮሮዋን ነካች። ከዚያ ዓይኗ ጠበብ አለ። «ባለሀብቱ መጣ እንዴ?»

«መጣ።»

«ሽቶው ያው ነው?»

«ያው ነው።»

«ወረቀቱስ?»

«እጄ ላይ ነው። ውድቅ ላደርገው አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረኝ። አንድ ሠራተኛ ጎድሏል ብዬ።»

«ጎድሏል?»

ልጇ ጠጠሩን ወረወረች። «አራስ ናት። ኩባያዋ አለ።»

«ታዲያ ምኑ ጎደለ?» እናቷ ትሪውን መሬት አስቀመጠችው። «አንቺም ያለ ክር ልትሰፊ ነው? በውሸት ያሰርሽው በእውነት ይፈታል። ነገ ይግባኝ ብሎ አራሷን ከነልጇ ያመጣታል፤ አንቺ ትዋረጃለሽ፣ እሱ ይስቃል። እኔ ደግሞ ያ ሰውዬ ሁለተኛ ሲስቅ ማየት አልፈልግም። እኔን አቅርቢኝ። አሻራው የኔ ነው፣ ፎቶውም እኔ ነኝ።»

«አንቺን ካቀረብኩ ፋይሉ ከእጄ ይወጣል፣ እማዬ። ዝምድና ነው። ‹አልተፈቀደም›ን ሌላ ሰው ይጽፈዋል። እኔ በእጄ ልጽፈው ነው የምፈልገው።»

እናቷ ሳቀች፤ ልጇ ፎቶው ላይ ያየችው ሳቅ አይደለም፣ ጥርስ ያለው ሳቅ ነው።

«እኔ እጄን ታጥቤ ስጠብቅ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንቺ ልትበይብኝ ነው?»

መርማሪዋ ቂሙን የራሷ አድርጋው ኖራለች። ለካ በአደራ የያዘችው የሰው ንብረት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ረቂቁን አራት ቦታ ቀደደችው። ቅጹን ከፋይሉ ሥር አወጣችው። «የለኝም» የሚለውን ሰረዘችና በላዩ ላይ «አለኝ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች። ከዚያ ፋይሉን ተሸክማ ከክፍሉ ማዶ ወደሚቀመጠው አንጋፋ መርማሪ ሄደች። ይህ ሰው «ቀንድ አውጣ» ይባላል። ሌላው በሦስት ሳምንት የሚጨርሰውን ፋይል እሱ ወቅት ያሳልፍበታል፤ እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ያነባል፣ የማኅተሙን ቀለም ሳይቀር ያሸታል። ከሁሉም መርማሪዎች የምትንቀው እሱን ነበር። ተራው የእሱ ሆኖ እንጂ አትሰጠውም ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄን እርስዎ ይውሰዱልኝ።»

መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገው። «ምን አጠፋሁ?»

«ዝምድናም ጠብም አለኝ።»

«ሁለቱንም በአንድ ፋይል?»

«ዝምድናው ከፎቶው ነው፣ ጠቡ ከአመልካቹ።» ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው፤ ቢጫዋን ኩባያና የቀደደችውን ረቂቅ ጭምር።

ቀንድ አውጣ ፎቶውን አንስቶ ለረጅም ጊዜ አየው። «እኔ ግን ቀርፋፋ ነኝ ይሉኛል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ስሙን ያወጣሽልኝም አንቺ ነሽ ይላሉ።»

«እሱንም ሰምቻለሁ።»

«እሺ» አለና ፋይሉን ወደራሱ ሳበው። «ቀስ ብለን እናየዋለን።»

ቀስ ብሎ አየው። ፎቶውን ስፌት ለሚያስተምሩ ሁለት ባለሙያዎች አሳየ። መኪናዎቹን ያከራየውን ሰው ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ ቃሉን ተቀበለ። የቀሩትን ሴቶች አንድ በአንድ ፈለገ፤ አራቱ በሕይወት አሉ። ባለሀብቱ በየሳምንቱ እየመጣ ኮሪደሩ ላይ ካለችው የእንጨት አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ከጠበቃው ጋር መጣ፤ ከዚያ ጠበቃው ሰለቸውና ለብቻው መጣ። «ገና ነው» ይለዋል ቀንድ አውጣ፤ ድምፁ እንደ ጥጥ ለስላሳ ነው። «ለእርስዎ ብለን ነው፤ በጥንቃቄ እንየው።»

ኩባያ ቆጣሪዋ ከመስኮቷ ሥር ሆና ታያለች። እሷ ይዛው ቢሆን ኖሮ በሦስት ሳምንት ይገላገል ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የናቀችው ቀርፋፋነት እንዲህ የተሳለ ቢላ መሆኑን ማን ነገራት? ሳታስበው ታንጎራጉራለች፤ ይህቺን እንኳ ከእናቷ አልወረሰቻትም፣ የራሷ ናት፤

ተዉት ይሂድ ዞሮ ይመጣል፣
ደጅ ያስጠና ሰው ደጅ ይጠናል።

እናቷ ቃሏን ለመስጠት የመጣች ዕለት፣ እሱም አግዳሚው ላይ ነበር። አሮጊቷ ደረጃውን እያረፈች ወጣች፤ የልጇን ክንድ አልያዘችም። ከፊቱ ቆመች። ሰውየው ለአሮጊት ቦታ የሚለቅ ጨዋ ሰው ነውና ተነሳ።

«አይ፣ አንተ ተቀመጥ» አለችው። «ገና ብዙ ትቀመጣለህ።»

ከቦርሳዋ አንድ ጥቅል ነጭ ክር አወጣች፤ አዲስ፣ ወረቀቱ እንኳ ያልተላጠ። መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ያኔ ነገ ይመጣል ያላችሁን ክር ነው። መቼም ረስተኸው ነው ብዬ ይዤልህ መጣሁ።»

ሰውየው ክሩን አየ፣ እሷን አየ። ማን እንደሆነች ወዲያው አላወቃትም። ጣቶቹ ክሩ ላይ ሲጠብቁና ፊቱ ቀስ እያለ ቀለም ሲቀይር ልጇ ከበሩ ሥር ቆማ አየች። ለዚያ ፊት አሥራ አንድ ዓመት ደግማ ብትሠራ አይቆጫትም።

አሮጊቷ ገብታ ተናገረች። «እግሬን ብቻ ነው ያነቃነቅሁት። ክር የለውም ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። አሁን ብያለሁ» አለች። ቀንድ አውጣ ቃል በቃል ጻፈው፤ አውራ ጣቷንም ከዝርዝሩ ላይ ካለው አሻራ ጋር አስመርምሮ አያያዘው። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቋሚ መኖሪያ አልተፈቀደም፤ አመልካቹ በቀድሞ ማመልከቻው ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረቡ፣ በአሁኑም ያንኑ እንደ እውነት አድርጎ መድገሙ ተረጋግጧል። ፋብሪካው ግን እውነተኛ ስለሆነ፣ አርባ ሰባት ሰውም ከነአራሷ እንጀራው እዚያ ስለሆነ፣ ባለቤቱ በአንድ ዓመት ፈቃድ ይቆያል። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ከመታደሱ በፊት በየዓመቱ ባልታሰበ ቀን ፋብሪካው ይጎበኛል።

ልጇ ውሳኔውን ለእናቷ ስትነግራት ከፍቷት ነበር። «ይባረራል ብዬ ነበር» አለች።

«ተባሮ ቢሄድማ ይረሳናል» አለች እናቷ። «ስንት ጊዜ ሰጡት አልሽኝ?»

«አንድ ዓመት።»

እናቷ ቃሉን አፏ ውስጥ አገላበጠችው፤ እንደ ብስኩት። «አንድ ዓመት» አለች። «አንድ ዓመት።» ከዚያ በረንዳው ላይ እንዳለች ለአጥሩ፣ ለጎረቤቱ፣ ለሚያልፈው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ሳቀች። «ከዛሬ ጀምሮ ስሙ እሱ ነው። ‹አንድ ዓመት መጣ› በሉኝ።»

አሁን ሦስተኛ ጊዜው ነው። በየዓመቱ በዚያው ወር ሰውየው ፋይሉን ታቅፎ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ የተራ ቁጥር ይይዛል። በመስኮቱ ያለችው ጸሐፊ፣ ከማን እንደሰማችው አይታወቅም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንድ ዓመት ደርሷል» ትላለች። ቀንድ አውጣ መነጽሩን መጥረግ ይጀምራል።

የሻይ ማፍያው ያለው በኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከኩባያ ቆጣሪዋ ክፍል አጠገብ ነው፤ በአግዳሚው በኩል ማለፍ አያስፈልግም። እሷ ግን በዚያ ወር ሻይዋን ቀድታ፣ ጆሮው የተሰበረውን የራሷን ኩባያ ይዛ፣ ዙሪያውን ትዞራለች። በእሱ ፊት ስትደርስ እርምጃዋን ቀስ ታደርጋለች። ሽቶው ይሸታታል። ዞር አትልም።